የእንግዳ ማረፊያ ጠላ በጄሪካን አይመጣም

ክቡር አዘጋጅ፣

ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አንኮበርና ጣና ዳርቻ ባሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ደጃፍ «የባህል ጠላ አለ» የሚል ሰሌዳ ማየት እየተለመደ መጥቷል። ደግ ሐሳብ ነው። በድንጋይ ካብ በተከበበ የድሮ ግቢ፣ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያረፈ ሰው የጠርሙስ ቢራ ብቻ ከሚቀርብለት የአገሩን መጠጥ ቢቀምስ ይሻላል። ችግሩ ጠላው ብዙውን ጊዜ እዚያ ግቢ አለመጠመቁ ነው። ጠዋት በባጃጅ ተጭኖ በቢጫ ጄሪካን ይመጣል፣ እንግዳ እንዳያይ በጓሮ በር ይገባል፣ ለዓይን እንዲያምር ወደ እንስራ ይገለበጣል። ማታ የሚቀርበው ግማሽ ሆምጣጤ ነው። እንግዳው አንዴ ተጎንጭቶ ፊቱን ያኮሳትርና ጣሳውን ያስቀምጣል፤ ጠላ ማለት ይሄ ነው ብሎም ወደ አገሩ ይመለሳል።

ጠላ ጉዞ የማይወደው በምክንያት ነው። ውስጡ ሦስት ሠራተኞች አሉ። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ጋዝ ይለውጣል። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ያቺን ለስለስ ያለች ኮምጣጣነት ይሰጡታል። ሦስተኛው የሆምጣጤ ባክቴሪያ ነው፤ እሱ አየር እስኪያገኝ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጋኑ ታፍኖ ሳለ ከጠላው በላይ ያለው ባዶ ቦታ እርሾው በሚያወጣው ጋዝ ስለሚሞላ አየር ድርሻ የለውም። ጠላውን ከጋን ቀድታችሁ ወደ ጄሪካን ስትገለብጡት ግን እየተንቦጫቦጨ አየር ይጠጣል። መንገድ ላይ ሲናጥ ደግሞ የረጋው አተላ ተነሥቶ ይደፈርሳል። ጄሪካኑን ግጥም አድርጋችሁ ብትዘጉት ይነፋል፤ ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑን ብታላሉት አየር ይገባል። ከሁሉ የከፋው ፕላስቲኩ ራሱ ነው። አብዛኛው የዘይት ጄሪካን የነበረ ነው፤ ውስጡ ተጭሯል፤ በጭረቱ ውስጥ የተደበቀውን ነገር ግራዋ አያወጣውም። ሸክላ ታጥቦ ይታጠናል፤ ፕላስቲክ ማን ያጥነዋል?

ስለዚህ ጠላ ማቅረብ የሚፈልግ ማረፊያ ግቢው ውስጥ ይጥመቅ። አንዲት የጠላ ቤት ባለሙያ፣ አንድ ጥላ ያለው ክፍል፣ አንድ ትልቅ ጋንና ሦስት እንስራ ይበቃሉ። ባለቤቱ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት በአንድ ቀን ስንት ሊትር እንደሚጠጣለት ነው። ሃያ እንግዳ ያደረበት ማረፊያ ግማሹ ጠላ ቢያዝ፣ እያንዳንዱም ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ሁለት ጊዜ ቢጠጣ፣ የቀኑ ፍጆታ አሥር ሊትር ነው። መቶ ሊትር የሚይዝ ጋን ማክሰኞ ከፍቶ እስከ እሑድ እየቀዱ መሸጥ ማለት በእያንዳንዱ ጣሳ ልክ አየር ወደ ጋኑ ማስገባት ማለት ነው። ረቡዕ ጥሩ ነበር፤ ዓርብ ይኮመጥጣል፤ እሑድ ለሰላጣ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር ያሉ የገጠር ማደሪያ ቤቶችም ይህንኑ ጣጣ ያውቁታል። ከበርሜል የሚቀዳው የእነሱ ቢራ፣ በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ የተቀዳውን አየር ስለሚተካው፣ በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ መጠጣት አለበት። በዚህም የተነሣ በርሜሉን በሽያጫቸው ልክ ይመርጣሉ። ፈርኪን የሚሉት 41 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ቤቱ ፀጥ ያለ ከሆነ ፒን የተባለውን ይወስዳሉ፤ እሱ 20 ሊትር ገደማ ነው። የእኛ እንስራ ማለት ነው እንግዲህ። በኮርንዎል አውራጃ ሄልስተን ከተማ ውስጥ ብሉ አንከር የሚባል ሣር ክዳን ቤት አለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመነኮሳት ማረፊያ የነበረ ነው። ስፒንጎ የሚለውን ቢራውን ከቤቱ ጀርባ ጠምቆ እዚያው ይሸጣል፤ መካከለኛው 5 በመቶ፣ ጠንካራው 6.6 በመቶ አልኮል አለው። ሽሮፕሻየር ውስጥ ቢሾፕስ ካስል ላይ ያለው ስሪ ተንስ ደግሞ የመጥመቂያ ፈቃዱ የ1642 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓፄ ፋሲል ጎንደር ላይ በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ገበያውን ሲይዙት በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ በገዛ ግቢያቸው ሲጠምቁ የኖሩ ቤቶች እነዚህን ሁለቱን ጨምሮ አራት ብቻ ቀርተው ነበር። 

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ከዚህ በታች የተጻፈው ልክ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ነገር ግን ለአንድ አነስተኛ ማረፊያ ጥሩ መነሻ ነው፦ 12 ኪሎ ገብስ (ወይም ከዳጉሳ ጋር የተቀላቀለ)፣ 3 ኪሎ ብቅል፣ አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ጌሾ፣ ሃምሳ ሊትር የሚይዝ ጋን።

ጋኑ አዲስ ከሆነ ሳይሟሽ አይነካም። የቆየ ከሆነ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል፤ የሚለቀለቅበት ውኃ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። ከዚያ በወይራና በጥንጁት ጭስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ውጪውን በመዳፍ ሲነኩት ሞቅ ማለት አለበት፤ ጭሱ ውስጡን ካላደረቀው ማጠኑ ለሽታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ የወይራ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ የወዳደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ ይበቃል።

ብቅሉ ከገበያ የሚገዛ ከሆነ በጥርስ ሰበር ተደርጎ ይቀመስ። ጣፈጥ ማለትና በቀላሉ መፍረስ አለበት። ቡቃያው ከፍሬው ቁመት ጋር ቢስተካከል መልካም ነው። በቤት የሚዘጋጅ ከሆነ ገብሱ አንድ ቀን ከሌሊቱ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ተጠንፍፎ በእርጥብ የጉሎ ወይም የኮባ ቅጠል መካከል ይደፈናል፤ ከላይ ድንጋይ ይጫንበታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይበቅላል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። ክምሩን ሲያወፍሩት መሐሉ ይግላል፤ ሲግል ይሻግታል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ የታየበት ብቅል ለከብትም አይሰጥ፤ ይጣል። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ማድረቂያው ፀሐይ ነው። እሳት ላይ የደረቀ ብቅል መዓዛው ያታልላል፤ ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኃይሉ ግን ከሙቀቱ ጋር ሄዷል፤ ከዚህ በኋላ ጌሾ ብትጨምሩ፣ ቀን ብታረዝሙ፣ ጠላው ውኃ ውኃ ይላል።

ጥንስሱ የተወቀጠ ጌሾ ቅጠልና ውኃ ነው፤ ጥቂት የብቅል ዱቄት ይጨመርበታል። ጎንደር ላይ ሁለት ቀን የሚበቃው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ላሊበላ በክረምት ሦስትና አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ቀኑን ከመቁጠር ሽታውን መከታተል ይሻላል። የጌሾው የሣር ሽታ ጠፍቶ የሚያውድ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲመጣ፣ ከላይም ጥቃቅን አረፋ ሲያነሣ ደርሷል። ቅጠሉና እንጨቱ እኩል አይደሉም፤ ቅጠሉ ለምሬት ፈጣን ነው፤ እንጨቱ ቀስ ብሎ ይለቃል። ቸኩሎ ቅጠል ያበዛ ሰው ምላስ የሚያስር ጠላ ያገኛል። በሌላ በኩል ጌሾ ላይ መቆጠብ ቁጠባ አይደለም። ጌሾ ከምሬቱ ሌላ አጥፊ ባክቴሪያዎችን ይገታል፤ ጌሾ ያነሰው ጠላ ቶሎ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቂጣው ይመጣል። ከገብሱ ዱቄት ሦስት ኪሎ ያህል ተቦክቶ፣ ሳይኮመጥጥ፣ ወፈር ተደርጎ ይጋገራል፤ ጠርዙ ጠቆር እስኪል ይተዋል፤ ሲበርድ ተቆራርሶ ከግማሹ ብቅል ጋር ወደ ጥንስሱ ይገባል። አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። የቀረው ዱቄት እንኩሮ ይሆናል፤ በውኃ እየታሸ ፍርፍር ሲል ምጣድ ላይ እየታመሰ ይበስላል። ውኃውን ዘለው ደረቁን ዱቄት ብቻ የሚቆሉ አሉ፤ ቀለሙ ይመጣላቸዋል፤ ነገር ግን ዱቄቱ እርጥበት ሳያገኝ ስለማያብጥ ብቅሉ ሊፈታው አይችልም፤ ግማሹ አተላ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ የሚወሰነው እዚሁ ምጣድ ላይ ነው። ቡላ ሲል ከወረደ ጠላው ይነጣል፤ ቡና ሲመስል ከወረደ ይጠቁራል። አመድ አመድ እስኪል ከከረረ ግን የሚቀረው የቃጠሎ ምሬት ነው፤ እሱን ምንም አይሸፍነውም።

እንኩሮው ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ይህን አጥብቆ ማሳሰብ ያስፈልጋል፤ የሥራ ብዛት ባለበት ማረፊያ ውስጥ በጣም የተለመደው ጥፋት ትኩሱን ጋን ውስጥ መጨመር ነው። እጅ የሚያቃጥል እንኩሮ እርሾውን ይገድላል፤ ከዚያ በላይ ከጋለ ብቅሉንም ያበላሻል። ማግስቱን ጋኑ ፀጥ ይላል፤ ባለቤቱም ጌሾው መጥፎ ነበር ይላል። የበረደው እንኩሮ ከቀሪው ብቅል ጋር ገብቶ፣ ውኃው እየተጨመረ ወፍራም ገንፎ ሳይሆን ቀጠን ያለ ሊጥ እስኪመስል ይታሻል። ለዚህ ሁሉ የሚገባው ውኃ 25 ሊትር ገደማ ነው። ድፍድፍ የሚባለው ይህ ነው። ከጋኑ ሩቡ ባዶ ይቅር፤ ድፍድፉ ይነሣል፤ ቦታ ካጣ ክዳኑን ገፍቶ ወለል ላይ ይፈሳል። አፉ በንጹሕ ጨርቅና በክዳን ተሸፍኖ በጭቃ ይመረጋል፤ ጋዙ በጨርቁ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። በአምስተኛው ቀን ገደማ ጆሮ ሲያስጠጉ መፍላቱ ጋብ ብሎ ይሰማል።

ለእንግዳ ማረፊያ ትልቁ ምስጢር እዚህ ነው። በውኃ የተበጠበጠ ጠላ ዕድሜው በቀን ይቆጠራል፤ በደንብ የተመረገ ድፍድፍ ግን ለሳምንታት ሳይነካ ይቆያል። አልኮሉ፣ ጌሾውና ኮምጣጣነቱ ወፍራም ሆነው በአንድ ላይ ይጠብቁታል። እንግዲያው የሚቀመጠው ድፍድፍ እንጂ ጠላ አይሁን። ዓርብ ማታ እንግዳ የሚገባ ከሆነ ሐሙስ ማታ አሥር ሊትር ድፍድፍ ወደ ታጠነ እንስራ ይቀዳል፤ አሥር ሊትር ውኃ ይገባበታል፤ ተማስሎ ይሸፈናል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጠልላል። ከላዩ 14 ወይም 15 ሊትር ጥሩ ጠላ ይወጣል፤ የቀረው ላይ አራት ሊትር ውኃ ቢጨመር ቅራሪ ይሆናል፤ ለግቢው ሠራተኛና ለተጠማ መንገደኛ ማለፊያ ነው። ለእንግዳ ግን ቅራሪን በጠላ ስም አትስጡ፤ ያውቅባችኋል። ዋናው ጋን ወዲያውኑ እንደገና ይመረጋል። አንድ ጋን ድፍድፍ እንዲህ ሦስት እንስራ ይሞላል።

ውኃውን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። በመጨረሻ የሚገባው ውኃ ከዚያ በኋላ እሳት አያየውም፤ እንግዳውን የሚያሳምመው ድፍድፉ ሳይሆን በአብዛኛው ይህ ውኃ ነው። ስለዚህ ይፈላ፤ በተከደነ ንጹሕ ዕቃ ይብረድ። ሁለተኛው የከተማ ቧንቧ ውኃ ነው። ክሎሪን ያለበት ውኃ የወይራ ጭስ ከገባበት ሸክላ ጋር ሲገናኝ ከጭሱ ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋህዶ የፋርማሲ ሽታ ያመጣል። ብዙ ጠማቂዎች ይህን ሽታ በጌሾው ወይም በጋኑ ያመካኙታል። ውኃውን ከፍቶ ማፍላት፣ ካልሆነም በሰፊ ዕቃ ሌሊቱን ገልጦ ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣዋል።

ለሚጠጣው ሰውም ጥቂት ነገር እንበል። ጥሩ ጠላ ሲቀዳ ጥርት ያለ ሻይ ወይም ቀጭን ቡና ይመስላል፤ መጀመሪያ ጭሱ፣ ቀጥሎ የቂጣው መዓዛ ይመጣል፤ ምላስ ላይ ትንሽ ኮምጠጥ ብሎ በጌሾው ምሬት ያልቃል። አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ሆምጣጤ ሆኗል። ሲቀዳ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ከሆነ የማይፈለግ ባክቴሪያ ይዞታል፤ አይጠጣ፤ እንስራውም እንደገና ታጥቦ በደንብ ይታጠን። ጉሽ የሚወድ አለ፤ ነገር ግን ያልጠለለ ጠላ ሆድ ሊነፋ ስለሚችል መንገድ ላይ ላለ ሰው አይመከርም። የተለመደው ጠላ አልኮሉ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ፊልተር የሚባለው 5 እና 6 ይደርሳል። ፊልተር እንደ ውኃ የሚወርድ ስለሆነ አስተናጋጁ አስቀድሞ ይንገር። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ያልፈላ ብርዝ ይኑር።

እንግዳው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ «መቼ ተበጠበጠ?» የሚለው ነው። በየእንስራው አንገት ላይ ቀኑ የተጻፈበት ካርቶን ቢንጠለጠል ጥያቄውም አያስፈልግም። መጠጫው ዋንጫ፣ ቅል፣ ሸክላ ወይም ያልዛገ ጣሳ ይሁን። ጠላ በብርሌ ማቅረብ የቱሪስት ፎቶ ከማሳመር በቀር ትርጉም የለውም፤ ብርሌ የጠጅ ነው። ቀጂዋ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ የምትቀምሰው የድሮ ወግ ግን ቢመለስ ደስ ይላል። ማማሩ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው የጥራት ቁጥጥር እሱ ነው። የምትቀምሰውም የጠመቀችው ራሷ ብትሆን ይመረጣል። ባለሙያዋ በወር ደመወዝ ትቀጠር፤ በጄሪካን ብዛት የሚከፈላት ሴት ውኃ ብታበዛ አይፈረድባትም።

አተላው በሬ ለሚያደልብ ጎረቤት ይሂድ። እንስራው ያለቀ ዕለት ደግሞ ሰው ልከው ከከተማ አያስመጡ። በየሠፈሩ ጠላ መኖሩን የሚያሳየው እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ ማረፊያዎቹም ከሰሌዳው ይልቅ እሱን ይስቀሉ፤ ሲያልቅ ያውርዱት፤ ነገ ማታ የሚጠልለው እስኪደርስ እንግዳው ይጠብቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ጎንደር